ከአጣጥ ወገን የተገኘው መርዝ

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ቁጥቋጦ ነው። አጣጥን የማያውቅ የገጠር ሰው መቼም አይኖርም። ለአጥር ይሆናል፤ እሾሁም ልብስ ከያዘ አይለቅም።

በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንናገረው) የነቀርሳ፣ ማለት የካንሰር መድኃኒት የሚሆኑ ዕፀዋት በየአገሩ ይፈለጉ ነበር። ያኔ ከአጣጥ ወገን የሆነ አንድ ተክል ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ተወሰደ። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ከተክሉ ያወጡትን መርዝ ማይታንሲን አሉት። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል አንድ ሚሊግራም እንኳ አይገኝም ነበር።

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ እንደ ክር ያሉ ነገሮች ይዘረጋሉ። ማይታንሲን እነዚህን ክሮች ያበላሻል፤ ሕዋሱም መከፈል ያቅተውና ይሞታል። ታዲያ በሰው ላይ ሲሞከር የታመመውን ከደህናው አልለየም። ማስመለሱ፣ ተቅማጡ፣ የነርቭ ጉዳቱ በዛና ሙከራው ተተወ። መርዙ ኃይል አላነሰውም፤ አድራሻ ነው ያጣው።

አድራሻው ከብዙ ዓመት በኋላ ተገኘ። ከጡት ነቀርሳ ከአምስት አንድ ያህሉ በሕዋሱ ላይ ኸር-2 የሚባል ፕሮቲን ያበዛል። ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ይህን ፕሮቲን ፈልጎ ይጣበቅበታል። እንግዲህ ትራስቱዙማብን በቅሎ እንበለው፤ ጭነቱ ከማይታንሲን የተዘጋጀው መርዝ ነው። በመንገድ እንዳይፈታ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። በቅሎዋ ደጃፍ ስትደርስ ሕዋሱ ራሱ ከነጭነቷ ያስገባታል። ጭነቱ የሚራገፈው እዚያ ውስጥ ነው።

ይህ መድኃኒት ካድሲላ ተብሎ በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። በሽታው በተሠራጨባቸው ሴቶች ላይ በተደረገው ጥናት መካከለኛው የመኖር ጊዜ ከ25 ወር ወደ 31 ወር ገደማ ደርሷል። ስድስት ወር ምን አላት የሚል ይኖር ይሆናል፤ ልጅ የምታሳድግ እናት ግን እንዲህ አትልም። በቅሎዋም አልፎ አልፎ መንገድ ትስታለች፤ ጉበትን የምትጎዳበት ጊዜ አለ።

እናቶችና እኅቶች፣ ይህን ሰምታችሁ አጣጥ ቀቅላችሁ እንዳትጠጡ አደራ! ያልተገራው መርዝ ሐኪሞችንም አስቸግሯል። ጡታችሁ ላይ እብጠት ካገኛችሁ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ሂዱ።

ቁጥቋጦውስ? ዛሬ ለዚህ ተብሎ አይቆረጥም። በ1977 የጃፓን ተመራማሪዎች የማይታንሲንን የቅርብ ዘመድ ከአንድ ባክቴሪያ አገኙ። አሁን ጭነቱ የሚዘጋጀው ባክቴሪያው እንደ ጠላ በትልቅ ጋን ተብላልቶ ከሚሰጠው ነው።