ኮምፒዩተሩ የእኛ ነው፤ ቁልፉስ የማን ነው?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኮምፒዩተር ነው። «እኛ ገና ፊደል መለየታችን ነው፤ ኮምፒዩተር ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ ወደ እኛ መጥቷል። የፋይዳ መታወቂያ ስናወጣ ጣታችንንና ዓይናችንን የሚመዘግበው እሱ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን መዝገብም ዛሬ ባይሆን ነገ ወደዚያው ይገባል። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ይገባናል።

ኮምፒዩተር ብረትና ፕላስቲክ ብቻ አይደለም። በውስጡ የሚያሠራው ፕሮግራም አለ። ፕሮግራም ማለት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ በቅደም ተከተል የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ዋናው ፕሮግራም ከሌለ ኮምፒዩተሩ ሾፌር እንደሌለው መኪና ቆሞ ይቀራል። በየቢሮው የበዛው ዊንዶውስ የሚባለው ነው። ባለቤቱ ማይክሮሶፍት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ገዢው የሚገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው እንጂ የተጻፈውን ትእዛዝ ከፍቶ ማየት አይችልም።

ታዲያ ይህ ምን ጉዳት አለው? አንድ ምሳሌ እንይ። ኩባንያው ዊንዶውስ 10 ለተባለው ፕሮግራም ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ጥገና የሌለው ፕሮግራም አጥሩ እንደ ፈረሰ ማሳ ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይገባበታል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን አይቀበልም። እንግዲህ ዕቃው ሳይበላሽ «ጥላችሁ አዲስ ግዙ» ሊባል ነው። አዲሱ ደግሞ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ያለ ፈቃድ የተገለበጠውን መጫንም መፍትሔ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ቁልፉም ያው በሌላ ሰው እጅ ነው።

ሌላ መንገድ አለ ወይ? አዎን፣ አለ። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያካፍለው የሚችል ፕሮግራም ለመሥራት በ1976 ዓ.ም. ተነሣ። በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ የጀመረውን ሥራ ለዓለም አስታወቀ። ይህም ሊኑክስ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ደቦ እንደ ወጡ ሆነው አሳደጉት። በ1997 ዓ.ም. ማርክ ሻትልዎርዝ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሰው በሊኑክስ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን አወጣ። ብዙዎቻችን በኪሳችን የያዝነው አንድሮይድ ስልክም ውስጡ ሊኑክስ ነው። ፋይዳም የተሠራው ሕንድ አገር በተዘጋጀ ክፍት ፕሮግራም ላይ ነው።

የእኛ ድሬዳዋ ይህን ነገር በሌላ መልኩ ታውቀዋለች። ባቡር እዚህ ከደረሰበት ከ1895 ዓ.ም. ወዲህ የምድር ባቡር ሠራተኞች ሞተር ከፍተው፣ ያለቀውን አውጥተው፣ የጎደለውን በማሽን ቀርጸው ሲጠግኑ ኖረዋል። ሞተሩ ታሽጎ «አትንኩ» ቢባሉ ኖሮ ሙያው ከየት ይመጣ ነበር? ማሽላችሁንም አስቡት። ደኅናውን ዛላ መርጣችሁ ለዘር ታስቀምጣላችሁ፤ ለጎረቤትም ታበድራላችሁ። ዲቃላ በቆሎ ግን ምርቱ ጥሩ ቢሆንም ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል። የተዘጋ ፕሮግራም እንደ ዲቃላው ነው፤ ክፍቱ እንደ ማሽላችሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንለይ። «በነጻ» ማለት ያለ ገንዘብ ማለት ነው። «ነጻ» ማለት ግን ያልታሰረ ማለት ነው። ሊኑክስን ያለ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን አለመታሰሩ ነው።

ችግሩንም አንሸሽግም። ዘር በነጻ ቢገኝም እርሻው ጉልበት ይጠይቃል። የለመዱትን መተው ያስቸግራል፤ ፀሐፊው እንደገና መማር አለበት። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች በሊኑክስ አይሠሩም። በድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ደብዳቤዎችም ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዚህ መዝገብ መሠረት የተጻፈ አማርኛ ግን በዊንዶውስም በሊኑክስም ይነበባል።

ስለዚህ በአንድ ቀን ሁሉን መገልበጥ ደግ አይደለም። አስቀድሞ መዝገቡን ሁሉ በሌላ ዕቃ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ ሊኑክስን በፍላሽ ላይ አድርጎ፣ የነበረውን ሳይነኩ፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር መሞከር ይቻላል። ለደብዳቤና ለሒሳብ ሊብሬኦፊስ የተባለው ፕሮግራም አለ፤ እሱም ክፍት ነው። ሙከራው ከተሳካ አንድ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ሰው ይሠልጥን። አንድ ሰው ብቻ ካወቀ ቁልፉ ከኩባንያው ወጥቶ በዚያ ሰው ኪስ ገባ ማለት ነው።

ወገኖች፤ ማኅበራችሁ ኮምፒዩተር ልግዛ ሲል ዝም አትበሉ። የሚያሠራው ፕሮግራም ማን ነው? ጥገናው እስከ መቼ ነው? ፈቃዱ በየስንት ጊዜው ይከፈልበታል? ሲበላሽ እዚሁ ድሬዳዋ ሊጠግነው የሚችል ሰው አለ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ትናንት በጣታችን እንፈርም ነበር፤ ዛሬ ግን አንብበን ነው የምንፈርመው።