«ሆድ ይፍጀው» ማለት ይብቃን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ቦንጋ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ቁጠባና ስለ ብድር አይደለም። መዝገባችን ስለማይጽፈው ነገር፣ በሆዳችን ስለምንይዘው ኀዘን፣ ቁጣና ፍርሃት ነው። የምንጀምረውም ከራሳችን ጥፋት ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዲት እህት ልጇን በሞት አጣች። ቆጮና ቡና ይዘን ልቅሶ ደረስን። ነገር ግን ስታለቅስ «በቃሽ፤ እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ» አልናት። ያጽናናናት መስሎን ነበር። እሷም ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ከስብሰባ ቀረች። እኛም እንደ ደንባችን ሦስት ጊዜ የመቅረት ቅጣት ጻፍንባት። አንዳንዶቻችን እንሰት ስንፍቅም፣ ገበያ ስንሄድም «ብድሩን ላለመክፈል ነው የጠፋችው» ተባባልን።

በመጨረሻ ሁለት ሆነን ቤቷ ሄድን። ስለ ብድሩ ሳናነሳ ጀበና ጣድን። አቦሉም ቶናውም በዝምታ አለፈ። የተናገረችው በረካው ላይ ነው። «እንደገና ባለቅስ እምነት የላትም ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። አሁን እንቅልፍም የለኝ፣ እህልም አይወርድልኝ» አለችን። የምናፍረው እኛ ነበርን።

በማኅበራችን ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ካቶሊክም፣ ፕሮቴስታንትም አለን። የሚከተሉትን ታሪኮች ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር ዘንድ አልቅሷል፤ ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ነው ያለቀሰው። እንባ የእምነት ማነስ ቢሆን ኖሮ እሱ ባላለቀሰ ነበር።

ሐና ልጅ አጥታ በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ልቧን ስታፈስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እኛም እንደ ዔሊ ሳንጠይቅ ፈረድን። ዔሊ ግን ቃሏን ከሰማ በኋላ መርቆ ሸኛት። ሐና ከዚያ ስትነሳ እህል ቀመሰች፤ ፊቷም ተለወጠ። ልብ በሉ፣ ልጁ ገና አልተሰጣትም። የቀለላት የልቧን ስለተናገረች ነው።

ነቢዩ ኤልያስም ተስፋ ቆርጦ ሞትን በለመነ ጊዜ መጀመሪያ የመጣለት ተግሣጽ አልነበረም። እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነበር። የደከመ ሰው መጀመሪያ ማረፍና መብላት አለበት።

ስለ ቁጣም እንዲሁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የመከረን ቁጣችንን ይዘን ፀሐይ እንዳትጠልቅብን ነው። እኛ ግን ስንት ገበያ ሙሉ ይዘነው ዞርን! አንዲት እህት ያስቀየመችን እንደሆነ መናገር ያለብን ለራሷ እንጂ ለጎረቤቷ አይደለም።

ስለዚህ አራት ነገር ተስማምተናል።

አንደኛ፣ ብር ከመቆጠሩ በፊት እያንዳንዳችን ሳምንታችን እንዴት እንዳለፈ እንናገራለን። መናገር ያልፈለገች አትገደድም።

ሁለተኛ፣ እዚህ የተነገረ ኀዘን ገበያ አይወጣም።

ሦስተኛ፣ ኀዘን ላይ ያለች እህት በመቅረቷ አትቀጣም። የእህታችንም ቅጣት ተሰርዟል።

አራተኛ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያላት፣ ወይም መኖር ያስጠላት እህት ካለች አብረን እንጸልያለን፤ ጤና ጣቢያም ይዘናት እንሄዳለን። በወባ የታመመን ሰው ጸልየንለት መድኃኒት አንከለክለውም። የተጨነቀ ልብም ሐኪም ቢያየው እምነት አይጎድልም።

ደጋፊዎቻችን በሪፖርታችን ላይ የተቆጠበውን ብር ታያላችሁ። ይህ ግን በብር አይጻፍም፤ ስለዚህ በቃል ነገርናችሁ።

እህታችን ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ይህን እንድንናገር የፈቀደችውም እሷ ናት። ኀዘኗ አላለቀም፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። እኛም «በቃሽ» አንላትም። አጠገቧ እንቀመጣለን።

እግዚአብሔር ልባችንን ያሳርፍልን። አሜን።