ከፖርቶ ድልድይ እስከ አትላንቲክ ዳር

እሷ፦ ዛሬ ፖርቱጋል ነን፤ ፖርቶን በእግር ልናዞራችሁ ነው።

እሱ፦ በእግር? ከተማዋ ዳገት በዳገት ናት ሲሉ ሰምቻለሁ እኮ!

እሷ፦ ናት። ዳገቱን ግን ለጎረምሶች ተውላቸው። ከካቴድራሉ ተነሥተህ የዶም ሉዊስን ድልድይ በላይኛው ወለል ተሻገር።

እሱ፦ ኤፌል የሠራው ነው አይደል?

እሷ፦ አይ፣ የቀድሞ ሸሪኩ ቴዎፊል ሴይሪግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ነው የተከፈተው። አሁን ባቡር ያልፍበታል፤ ሲመጣ ጥግህን መያዝ ነው።

እሱ፦ ማዶስ?

እሷ፦ ጋያ፣ የወይን ጠጅ መጋዘኖቹ ሰፈር። ቱሪስቱ እዚያው ይቀራል፤ እኔ ብሆን የዶውሮን ወንዝ ይዤ ወደ አፉራዳ እቀጥላለሁ። የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ሴቶቹ ዛሬም በሕዝብ ማጠቢያው ልብስ ያጥባሉ፤ አንሶላው፣ ካልሲው፣ የልጅ ቱታው ሁሉ ወንዙ ዳር በገመድ ላይ ይሰጣል።

እሱ፦ ይሄስ ከሙዚየም ይሻላል!

እሷ፦ ወደ ባሕሩ መድረስ ከፈለግህ ደግሞ በፖርቶ በኩል ካለው ከሪቤራ ሰፈር ተነሥተህ ወንዙ ባሕር እስከሚገባበት እስከ ፎዝ ዳር ዳሩን ተከተል። ሜዳ ነው፣ ዳገት የሚባል የለም። ከደከመህ አሮጌው ትራም፣ ቁጥር 1፣ አጠገብህ ነው።

እሱ፦ እንግዲያው የእኔ መንገድ እሱ ነው።

እሷ፦ ሰነፍ! ትራሙ ፓሴዮ አሌግሬ ላይ ያበቃል። የፌልጌራስ የመርከብ መብራት ማማ ቅርብ ነው፤ በክረምት ማዕበሉ ሲመታው ማማው አይታይም። ያኔ ወደ ግድቡ ጫፍ እንዳትጠጋ፤ ከሩቅ ሆነህ እይ።

እሱ፦ ምሳስ?

እሷ፦ ባሕሩን በግራህ አድርገህ ወደ ማቶዚኞሽ ከተማ ሂድ። ሰርዲኑን ደጅ ላይ በከሰል ይጠብሱልሃል።