ሽማግሌዎቻችንን ወደ ፍል ውሃ እንውሰድ



በአገራችን ሳለን ወገቡን ወይም ጉልበቱን ያመመው ሰው ስንቁን ቋጥሮ እንደ ወንዛዬ ወዳለ ፍል ውሃ ይወርድ ነበር። ቀናት ሰንብቶ ሰውነቱ ተፍታትቶ ይመለሳል። እዚህ ከመጣን በኋላ ግን ብዙ ሽማግሌዎቻችን ጉልበታቸውን እያሹ ከቤት ይውላሉ።

ፍል ውሃ እስራኤልም አለ። በጥቬሪያ ከምድር የሚፈልቀው 60 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ ሳይበርድ አይገባበትም። የሐማት ጋዴር ገንዳ 42 ዲግሪ ያህል ነው። በቤት ሸአን አጠገብ ያለው ጋን ሐሽሎሻ ደግሞ ክረምት ከበጋ 28 ዲግሪ፣ ለብ ያለ ነው።

ታዲያ ወላጆቻችን ብቻቸውን አይሂዱ። በዕብራይስጥ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ የሚያነብላቸው ልጅ አብሯቸው ይሁን። ቦታው ክፍት መሆኑንና ዋጋውን አስቀድመን በስልክ እንጠይቅ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ በመጀመሪያ በኩፓት ሆሊም ሐኪም ያማክሩ። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ሙቀቱን ላይሰማው ስለሚችል ሌላ ሰው ውሃውን በእጁ ይለካለት። 15 ደቂቃ ያህል ከተቆየ በኋላ ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ማረፍ ነው። ፍል ውሃ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ክኒን አይተካም።

እንግዲህ በየሰፈራችን ገንዘብ አዋጥተን አውቶቡስ እንከራይ። ወላጆቻችን ተራራና ወንዝ አሻግረው አምጥተውናል፤ እስከ ገንዳው ድረስ እጃቸውን መያዝ የእኛ ተራ ነው።