ስለ ጌሾ አመራረጥና አተካከል
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ጌሾ ጥቂት እንድናገር የጋበዘኝ የእርሻ ምሁር ስለሆንኩ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ እስኪበትነን ድረስ ዐማራት በነበረችኝ ሱቅ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ጌሾ እሸጥ ስለነበር ነው። በዚያ ላይ ዛሬ በየአገሩ ጓሮ ያገኙ ልጆቻችን «ጌሾም እንደ ሆፕስ በሥሩ ይተከላል ወይ?» እያሉ በስልክ ይጠይቁኛል።

ሆፕስ፣ ለቢራ የሚገባው ማለቴ ነው፣ ሐረግ ነው። የሥሩን ቁራጭ ገዝተው ይቀብሩታል፤ ገመድ ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ የሚለቀመውም የሴቴዋ አበባ ነው። የሚያርፍበት ብርዳማ ወራትና ረጅም የበጋ ቀን ይፈልጋል። ጌሾ ግን ቁጥቋጦ ነው፤ የምንፈልገው ቅጠሉንና እንጨቱን ነው፤ የሚፈላውም ከዘሩ ነው። የጌሾ ሥር እሸጥላችኋለሁ የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ለእኛ ጌሾው በመተማና በገላባት አልፎ በገዳሪፍ በኩል በጭነት መኪና ይመጣ ነበር። አንድ ዓመት ለፋሲካ የመጣውን ጆንያ አፉን ብቻ ፈትቼ አየሁና ተቀበልኩ። ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ሻጋታ ኖሯል። አንዲት እናት ከእኔ ወስደው የጠነሰሱት ጠላ ሸተተባቸው። በ1983 እ.ኤ.አ. መጠጥ ከተከለከለ ወዲህ ካርቱም ውስጥ ጠላ መጥመቅ ምን እንደነበር የኖራችሁበት ታውቃላችሁ፤ በር ተዘግቶ፣ ጆሮ ወደ ውጭ ተጥሎ ነው። ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተፈቀደው በ2020 ነው፤ ይህ የሆነው ግን ከዚያ በፊት ነው። እኚያ እናት በዚያ ሁሉ ፍርሃት የጠመቁትን በእኔ ስንፍና ደፉት። «ልጄ፣ እጅህን እስከ ጆንያው ወገብ ብታስገባ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ገንዘባቸውን መለስኩ፤ ፍርሃታቸውን በምን ልመልስ?

ከዚያ ወዲህ እጄን እስከ ክንዴ ሳላስገባ ገዝቼ አላውቅም። ጥሩ ቅጠል አረንጓዴነቱን አይለቅም፤ ሲጨብጡት ይሰባበራል፤ ከተጣጠፈ እርጥብ ነው። ምላስ ላይ ወዲያው መምረር አለበት። ለጠጅ የሚሆነው እንጨት ሲሰበር ቀጭ ይላል። ተወቅጦ የመጣ ጌሾ እኔ አልገዛም፤ ምን እንደተቀላቀለበት በምን ይታወቃል?

ያን ዓመት በንዴት ራሴ ልትከል አልኩ። ከጎንደር ጠቁሮ የበሰለ ፍሬ አስመጥቼ፣ በ9 የቲማቲም ቆርቆሮዎች ዘርቼ ከኒሙ ጥላ ሥር፣ ዚሩ ከሚያንጠባጥብበት አጠገብ ደረደርኳቸው። 6ቱ በቀሉ። ሱዳናዊው ጎረቤቴ ሻይ እየጠጣ ይስቅብኝ ነበር። ግንቦት ሲገባ ቅጠላቸው ከዳር እየተቃጠለ ተራ በተራ ሄዱ። አንዷ ብቻ ዓመት ልትሞላ ስትል በሚያዝያው ሙቀት ደረቀች። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ካርቱም 400 እንኳ አይሞላም። ውሃስ አጠጣሁ፣ የደጋ አየር ከየት ላምጣ?

ቀዝቀዝ ያለ አገር ያላችሁ ግን ሞክሩ። የበሰለውን ፍሬ ጨፍልቃችሁ ዘሩን እጠቡት፤ ለስላሳ አፈር ውስጥ ብዙ ሳትቀብሩ ዝሩትና ጥላ አድርጉለት። ችግኙ ስንዝር ካለፈ በኋላ ወደ ቦታው አዛውሩት። በረዶ የሚጥልበት አገር ያላችሁ በማሰሮ ትከሉና ብርዱ ሲመጣ ወደ ቤት አስገቡት። ቅጠሉ በዛ ብላችሁ በመጀመሪያው ዓመት አትግፈፉት፤ ይጠንክር።

ዘር የምትፈልጉ፣ ትንሽ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ ጠይቁኝ። የእኚያን እናት ድርሻ ግን ለብቻው ቋጥሬ አስቀምጫለሁ፤ ከእሱ አልሰጥም።