ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ መኪና ዘይት እንናገራለን ስንል ፈገግ የሚል ሰው አይታጣም። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት የአዳሪ ተማሪዎች ዳቦ ለብዙ ሳምንት ከውጭ እየተገዛ የመጣው በዘይት ምክንያት መሆኑን የምታውቁ ጥቂቶች ናችሁ። ጥፋቱም የኛ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የተማርነውን ብቻ ሳይሆን ያጠፋነውንም ጭምር ልንነግራችሁ ቆመናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወጥ ቤታችን የሊጥ ማቡኪያ መኪና በውስጡ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ብረት ነው፤ ሁለተኛው ከነሐስ የተሠራ ባለጥርስ መንኰራኩር ነው። ብረቱ ሲዞር በነሐሱ ጥርስ ላይ እየተንሸራተተ ያዞረዋል። እኛም ትምህርት ቤታችንን እንርዳ በማለት ፈቃድ ጠይቀን አሮጌውን ዘይት ደፋንና ለጭነት መኪና ዲፈረንሻል የሚሆነውን ዘይት ሞላንበት። ከባዱን መኪና የቻለ ዘይት ለሊጥ ማቡኪያ እንዴት ያንሳል ብለን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው ይንጫጫ ጀመር። ቢከፈት የነሐሱ ጥርስ ጠቁሮና ሳስቶ፥ ዘይቱም በነሐስ ብናኝ ተሞልቶ ተገኘ።

ይህ ለምን ሆነ? ለመረዳት ከሥሩ መነሣት ያስፈልጋል።

የተወለወለ ብረት ለዓይናችን ልሙጥ ይመስላል እንጂ በማጉያ መሣሪያ ሲታይ ተራራና ሸለቆ የሞላበት ነው። ሁለት ብረቶች ሲፋተጉ የሚነካኩት በተራሮቹ ጫፍ ብቻ ነው። ሸክሙ ሁሉ በነዚያ ጥቂት ጫፎች ላይ ስለሚያርፍ ጫፎቹ ይግላሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጣበቃሉ፤ ሲላቀቁ አንዱ ከሌላው ቦጭቆ ይሄዳል። ብረት ተበላ የምንለው ከሁሉ በፊት ይህንኑ ነው።

የዘይት የመጀመሪያ ሥራው ሁለቱን ማራራቅ ነው። ቢቻም ታወር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. የባቡር ኩሽኔታ ሲመረምር፥ ከኩሽኔታው ላይ ቀዳዳ ቢበሳ ዘይቱ ፈልቆ ወጣ። በቡሽ ቢደፍነው ቡሹን አስፈነጠረው፤ በእንጨት ቢደፍነው እንጨቱንም ገፍቶ አወጣው። በዚህም ሸክሙን የሚሸከመው በመካከል የገባው ዘይት መሆኑ ታወቀ። ኦስቦርን ሬይኖልድስም በ1886 ዓ.ም. ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ።

ነገር ግን ዘይት ሸክም የሚሸከመው በበቂ ፍጥነት ሲዞር ነው። መኪናው ሲነሣና ሲቆም፥ ወይም ሸክሙ ሲበረታ፥ ዘይቱ ከመካከል ይገፋና ጫፍ ከጫፍ ይገናኛል። በዘይት ውስጥ የሚጨመሩት ቅመሞች የሚያስፈልጉት በዚህ ጊዜ ነው።

በሞተር ዘይት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ዜድ ዲ ዲ ፒ የተባለ፥ ዚንክ፥ ፎስፎረስና ድኝ ያለበት ቅመም ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት መጨመር ሲጀምር ዘይቱ እንዳይበላሽና ኩሽኔታው እንዳይዝግ ተብሎ ነበር፤ ብረትን ከመበላት ማዳኑ የታወቀው ግን በኋላ ነው። ፍትጊያ ባለበት ቦታ ቅመሙ ይፈርስና በብረቱ ላይ መስታወት የመሰለ ልባስ ይሠራል። የልባሱ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺሕኛ ያህል ቢሆን ነው። በፍትጊያ ጊዜ በብረቱ ፈንታ ልባሱ ይበላል፤ ከዘይቱም ሌላ ልባስ ይተካል። እንግዲህ ቅመሙ እየሠራ የሚያልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የሞተር ዘይት መጠኑ ሳይጐድል እንኳ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል።

የዲፈረንሻል ጥርሶች ደግሞ በብርቱ ጭነት ሥር ስለሚንሸራተቱ በዘይታቸው ድኝ ያለበት ብርቱ ቅመም ይጨመራል። ድኙ ከጋለው ብረት ጋር ተዋሕዶ ስስ ልባስ ይሆናል፤ ጥርሶቹም እንዳይጣበቁ ይከለክላል። ጥቂቱን ብረት ሰጥቶ ብዙውን ማዳን ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። ነሐስ ከመዳብና ከቆርቆሮ የሚሠራ ነው፤ መዳብም ከድኝ ጋር ለመዋሐድ ፈጣን ነው። ስለዚህ ነሐሱ ብረት የሚግለውን ያህል ሳይግል ይጠቁራል፤ ብሎኑ ጥቁሩን ይጠርገዋል፤ የተጠረገውም እንደገና ይጠቁራል። ጥርሱ በዚህ ዓይነት አለቀ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ሆነ።

ይህንንም በዓይናችን ለማየት ሁለት የመዳብ ቁራጮች ወልውለን አንዱን በዲፈረንሻል ዘይት፥ ሁለተኛውን ቅመም በሌለበት ዘይት ውስጥ ከተን፥ ብርጭቆዎቹን በፈላ ውሃ ውስጥ 3 ሰዓት አቆየናቸው። የመጀመሪያው ጠቁሮ ሲወጣ ሁለተኛው እንደ ነበረ ወጣ። ይህን ፈተና ዘይቱን ከመሙላታችን በፊት አድርገነው ቢሆን ኖሮ ምንኛ በበጀን!

ከሁሉ የሚያሳፍረን ግን ሌላ ነው። የመኪናው መምሪያ መጽሐፍ በወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ለነሐስ ተስማሚ የሆነውን ዘይት ለይቶ ይናገራል። እኛ ግን ብርቱ የተባለ ሁሉ ይሻላል ብለን አላነበብነውም።

አዲሱ መንኰራኩር የተገዛው ወላጆቻችን ባዋጡት ገንዘብ ነው። ለዚህም ይቅርታችንንና ምስጋናችንን በአንድነት እናቀርባለን። ዛሬ የዘይቱ ስም በትልቁ ተጽፎ በመኪናው ላይ ተለጥፏል። ከዚህ ጉባኤ በኋላ የምትቀምሱትም ዳቦ ሊጡ የተቦካው በዚሁ መኪና ነው።