85 ዓመት የተጠበቀ ዋንጫ

ዛሬ ስለ ኳስ ነው የማወራችሁ። ግን ስለ ማካቢ ወይም ስለ ሃፖኤል አይደለም፤ ስለ ባርሳም አይደለም። ስለ አየርላንድ ነው። እነሱ የሚጫወቱትም እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ሳይሆን ጌሊክ ፉትቦል የሚባለውን ነው። "እኛ ምን አገባን?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሱኝና ፍርዱን እናንተ ስጡ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው።

እኔ ይህን ጨዋታ ያገኘሁት በ2020 ነው፣ በኮሮና ጊዜ። ኖቬምበር ላይ ቢዱድ ገብቼ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቼ ነበር። የዚያን ዓመት ስግድን እንኳ እንደ ወትሮው በሕዝብ አላከበርነውም፤ ትዝ ይላችኋል። ስልኬን ስነካካ፣ ስነካካ አንድ ቪዲዮ ወጣ። ትልቅ ስታዲየም ነው፤ ተመልካች የለም፤ ሜዳው ላይ ሰዎች እርስ በርስ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ማን ናቸው? ለምንድን ነው የሚያለቅሱት? እሱን ስፈልግ ሌሊቱ ነጋ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ልንገራችሁ። በእያንዳንዱ ቡድን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን በእጅም በእግርም መጫወት ይቻላል። ይዘህ መሮጥ ትችላለህ፣ ግን ከአራት እርምጃ በላይ አይፈቀድም፤ ወይ መሬት ላይ ታነጥራታለህ፣ ወይ በእግርህ ጫፍ መትተህ ወደ እጅህ ትመልሳታለህ። ጎሉ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና አንድ አግዳሚ አለው። በ2020 ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች 1 ነጥብ፣ ከሥር መረቡ ውስጥ ከገባች 3 ነጥብ ነበር። ስለዚህ "1-13" ብለው ከጻፉ አንድ ጎልና 13 ነጥብ ማለት ነው፤ ሲደመር 16።

አሁን ዋናው ነገር። እነዚህ ተጫዋቾች ደመወዝ የላቸውም። አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ተማሪ። ሥራ ውለው ማታ ልምምድ ይሄዳሉ። ደግሞ እንደ እግር ኳስ "ገንዘብ ስለሰጡኝ ወደዚያ ቡድን ልዛወር" የሚባል ነገር የለም። የምትጫወተው ለአጥቢያህ ክለብ ነው፤ ጎበዝ ከሆንክ ለአውራጃህ ትመረጣለህ። አገሩ በ32 አውራጃ የተከፈለ ነው፤ አውራጃዎቹ ደግሞ በአራት ክፍለ ሀገር ይመደባሉ፤ አልስተር፣ መንስተር፣ ሌንስተርና ኮናክት። ሽማግሌዎቻችን "ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ እንዲህ አውራጃ" ሲሉ ሰምታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። በየዓመቱ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱን ሻምፒዮን ያወጣል።

ታዲያ ይህ ነገር ፍትሐዊ ነው? አይደለም። እውነቱን እንነጋገር። ደብሊን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለ፤ በጥቂት አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያላቸው አውራጃዎችም አሉ። በመንስተር ከተወለድክ ደግሞ ከፊትህ ኬሪና ኮርክ ቆመዋል። ከ1936 እስከ 2019 ድረስ የመንስተርን የጌሊክ ፉትቦል ዋንጫ ከሁለቱ ሌላ የወሰደው ክሌር ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ፣ በ1992። ቲፐራሪ የሚባለው አውራጃ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1935 ነበር። ቲፐራሪ በሌላው የአየርላንድ ጨዋታ፣ በዱላ በሚጫወቱት ሀርሊንግ፣ ኃያል ነው። በኳሱ ግን ልጅ ተወልዶ፣ አርጅቶ፣ ዋንጫ ሳያይ ይሞት ነበር።

በ2020 በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ከበጋ ወደ ኖቬምበር ተገፋ። የተሸነፈ ሁሉ በዚያው ይሰናበታል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ቲፐራሪ ክሌርን አሸነፈ። ቀጥሎ ከሊመሪክ ጋር ገጠመ። ሊያበቃ ሲል እየተመራ ነበር፤ አምበሉ ኮኖር ስዊኒ ከሜዳው ዳር፣ ከመስመሩ ላይ፣ ከማይታመን ማዕዘን መትቶ አቻ አደረጋቸው፤ በተጨማሪ ሰዓት አለፉ። በማግስቱ በሌላው ግማሽ ፍጻሜ ሌላ ጉድ ተፈጠረ። ኮርክ ከኬሪ ሲጫወት፣ በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ላይ ማርክ ኪን የሚባል ልጅ ጎል አገባና ኬሪ ከውድድሩ ወጣ። መንገዱ ተከፈተ።

ግን ያን ቀን ያለቀሱት ለዋንጫው ብቻ አልነበረም። ወደ 1920 ልመልሳችሁ።

አየርላንድ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥር ነበረች፤ የነፃነት ጦርነትም ላይ ነበረች። ኖቬምበር 21 ቀን 1920፣ እሑድ ጠዋት፣ የአየርላንድ ታጣቂዎች ደብሊን ውስጥ የእንግሊዝ የስለላ ሰዎችን ገደሉ። ከሰዓት በኋላ በክሮክ ፓርክ ሜዳ ደብሊንና ቲፐራሪ ይጫወቱ ነበር፤ ሕዝቡ ኳስ ሊያይ መጥቷል። የመንግሥት ኃይሎች መጡና ተኮሱ። ተኩሱ ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ 14 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ሦስቱ ሕፃናት ናቸው፤ የ10፣ የ11 እና የ14 ዓመት ልጆች። በዚያው ሳምንት ልታገባ የነበረች ሴትም ሞታለች። ከተጫዋቾቹ የተገደለው የቲፐራሪው ማይክል ሆገን ነው፣ 24 ዓመቱ ነበር። ዛሬ በክሮክ ፓርክ አንዱ ትልቅ የተመልካች መቀመጫ በስሙ ይጠራል።

ልክ መቶ ዓመት ሲሞላ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2020፣ በዚያው ሜዳ መታሰቢያ ተደረገ። በኮሮና ምክንያት ሕዝብ አልነበረም። በባዶው ስታዲየም፣ በጨለማው ውስጥ የሟቾቹ ስም ተጠራ፤ 14 ችቦም በራ። በማግስቱ፣ ኖቬምበር 22፣ ቲፐራሪ በመንስተር ፍጻሜ ከኮርክ ጋር ለመጫወት ወደ ኮርክ ከተማ ወረደ። የወትሮ ማሊያቸው ሰማያዊና ወርቃማ ነው። ያን ቀን ግን ማይክል ሆገን የሞተበትን ዓይነት፣ ነጭና አረንጓዴ ማሊያ ለበሱ።

ከነሱ መካከል ኮሊን ኦሪርደን የሚባል ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ ስዋንስ በሚባል ክለብ ደመወዝ እየተከፈለው የአውስትራሊያን ኳስ የሚጫወት ልጅ ነበር። ክለቡ ፈቅዶለት ለአውራጃው ተሰለፈ። ለምን? ሚሊዮን አያገኝበትም፣ ቢጎዳ ደግሞ እንጀራው ነው የሚቆረጠው። ቢሆንም መጣ።

ቲፐራሪ 0-17፣ ኮርክ 0-14። ስዊኒ ብቻውን 7 ነጥብ አስቆጠረ። ከ85 ዓመት በኋላ ዋንጫው ቲፐራሪ ገባ። እኔ ያየሁት ለቅሶ ይኸው ነበር።

ቆዩ፣ አላለቀም። በዚያው ቀን በአልስተር ፍጻሜ ካቫን ከዶኒጎል ጋር ተጫወተ። ካቫን የአልስተርን ዋንጫ ከማንም በላይ የወሰደ አውራጃ ነው፣ ግን ከ1997 ወዲህ አልቀመሰም። ሽማግሌዎቻቸው እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለ 1947 ነው፤ ያን ዓመት የአገሪቱ ፍጻሜ ኒው ዮርክ ተደረገ፣ ብዙ የአየርላንድ ስደተኛ በሚኖርበት ከተማ፣ ካቫንም ኬሪን አሸነፈ። በ2020 ግን ካቫን ገና በዚያው መኸር በሊጋው ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር። በመጀመሪያው የአልስተር ጨዋታ ከሞናሃን ጋር ተጨማሪ ሰዓት ገቡ፤ መጨረሻ ላይ በረኛውና አምበሉ ሬይመንድ ጋሊጋን ጎሉን ትቶ መጣና ከሩቅ መትቶ አሸነፋቸው። ከዳውን ጋር 10 ነጥብ ተመርተው ተነሡ። በፍጻሜው ዶኒጎልን፣ የሁለቱን ያለፉ ዓመታት ሻምፒዮን፣ 1-13 ለ 0-12 ረቱ።

ሌንስተርን ደብሊን ወሰደ፣ ኮናክትን ሜዮ። አሁን ይህን ስሙ። ለአገሪቱ ግማሽ ፍጻሜ የደረሱት አራቱ ደብሊን፣ ሜዮ፣ ካቫንና ቲፐራሪ ናቸው። በ1920ም ለግማሽ ፍጻሜ የደረሱት እነዚሁ አራቱ ነበሩ። ማንም አላቀናበረውም።

ተረት ቢሆን ቲፐራሪ እዚህ ላይ የአገሪቱን ዋንጫ ያነሣ ነበር። አላነሣም። በጉም በተሸፈነው ክሮክ ፓርክ ሜዮ 5-20 ለ 3-13 አሸነፋቸው። ካቫንም በደብሊን 1-24 ለ 0-12 ተቀጣ። ዋንጫውን ደብሊን ወሰደ፣ ለስድስተኛ ተከታታይ ዓመት። በ2021 ደግሞ ቲፐራሪም ካቫንም በሊጋው ወደ መጨረሻው፣ ወደ አራተኛው ዲቪዚዮን ወረዱ። ሁለቱም የክፍለ ሀገር ሻምፒዮኖች!

"እና ምን ተረፋቸው?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ።

ከቢዱድ ከወጣሁ በኋላ ያን ቪዲዮ፣ የ14ቱን ችቦ፣ ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ ኳስ አይወድም። አየና "እነዚህ ልጆች ስንት ይከፈላቸዋል?" አለኝ።

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ይለፋሉ?"

"ለአውራጃቸው ነው፣ አባባ። ማሊያው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የተገደለው ልጅ የለበሰው ዓይነት ነው።"

ዝም አለ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ዝም አለ። ከዚያ "እኛም እኮ ነበሩን" አለና በሱዳን መንገድ የቀሩትን የመንደሩን ሰዎች በስማቸው እየጠራ ነገረኝ። አንዱ ከብት አብሮት የጠበቀ ነው። አንዷ የአክስቱ ልጅ ናት። 11 ስም ቆጠርኩ። ከዚያ ቀን በፊት እኔ የማውቀው ሦስቱን ብቻ ነበር። ለምን አልነገርከኝም ስለው "አልጠየቅኸኝማ፣ ልጄ" አለኝ።

እኔ ልጅ ሆኜ "ከየት ነህ?" ሲሉኝ የምኖርበትን ከተማ ተናግሬ ወሬ እቀይር ነበር። አባቴ ግን ለእንግዳ ሁሉ "የደምቢያ ሰው ነኝ" ይላል፤ እኔም አፍር ነበር። አሁን ሳስበው፣ ማይክል ሆገንን በሕይወት ያየ ሰው በ2020 ማሊያውን ከለበሱት ልጆች መካከል አልነበረም። ስሙን የነገራቸው አለ፤ ለሱ የነገረው አለ። መቶ ዓመት ሙሉ ቲፐራሪ ሲሸነፍም ስሙ አልወደቀም። ባይነገር ኖሮ ያ ነጭና አረንጓዴ ማሊያ ተራ ጨርቅ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። በዚህ ሳምንት አባታችሁን፣ እናታችሁን፣ አያታችሁን ካሏችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። "ከየት መንደር ተነሣችሁ? አብሯችሁ ማን ነበር? ማን ቀረ?" ስማቸውን ጻፉ። ስልካችሁ ላይም ቢሆን ጻፉ። እኔ የአባቴን 11 ጽፌያለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ስም አስታውሶ በስልክ ደወለልኝ። 12 ሆኑ።